መውጫ ያጣ ውኃ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ውኃ የሚጠየቀው ጥያቄ «መጣ ወይ?» የሚል ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሳው፣ በእኩለ ሌሊት ቧንቧው አየር መትፋት ሲጀምር ቤተሰቡን ከአልጋ የሚያስነሳው፣ ሮቶው እስከ መቼ ያቆየን ይሆን እያለ የሚያሳስበው የውኃው መምጣት ነው። ስለ መሄዱ የሚጨነቅ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። ከሳፋ ወደ ግቢው አፈር የተደፋ ውኃ በዚህ ፀሐይ ምልክቱ እንኳ ወዲያው ስለሚጠፋ፣ ውኃን ማስወገድ ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን የሚያስታውሰን ነገር ጥቂት ነው። ከሚያስታውሱን ነገሮች አንዱ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆዱን በውኃ ሞልቶ አላፈስም ብሎ የቆመ ዕለት ነው።

ሙያዬ ሌላ ቢሆንም ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቴስተር ያለው ሰው በሰፈር ውስጥ ዝም ተብሎ አይተውምና፣ ማሽን የተበላሸበት ቤት ሁሉ እጠራለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሳቢያን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከእኛ ግቢ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ማሽን ነው። በድሬ ወግ ፊት ለፊት ስንነጋገር «አንቺ» ነው የምላቸው፤ እዚህ ግን ከሌላ አገር የሚያነበኝ ሰው ስድ እንዳይለኝ አንቱ ብያቸዋለሁ።

ማሽኑ ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚያጥብ ፉል አውቶማቲክ ነው። ስደርስ የልጅ ልጆቻቸው ዩኒፎርም፣ የባለቤታቸው ሽርጥና አንድ ነጠላ በውስጡ ተዘፍዝፈው፣ አመድማ ውኃ የበሩን መስታወት እስከ እኩሌታው ሸፍኖት፣ በሩም ተቆልፎ ነበር። ከእኔ በፊት የመጣ ጠጋኝ ሶኬቱን ሰክቶ፣ ማስነሻውን ተጭኖ፣ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ የአዲስ ፓምፕ ዋጋና የእጁን ነግሯቸው ሄዷል። «አቦ፣ ባለፈው ሳምንት ደህና የነበረ ፓምፕ በአንዴ በምን ሞተ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፓምፕ በአንዴም ሊሞት ይችላል፤ ሆኖም ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነበር። ባየኋቸው ቤቶች ሁሉ ውኃ አላፈስ ባለ ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚከሰሰው ፓምፑ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ተሄዶ ሊገዛና ሊገጠም፣ ዋጋም ሊጠራለት የሚችል ዕቃ እሱ ነው። የተዘጋ መንገድን ግን ማንም ሸጦ አያተርፍበትም።

እዚህ ላይ ማሽኑ ውኃውን እንዴት እንደሚያስወግድ ማወቅ ያስፈልጋል። ልብሱ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ የበዛበት ከበሮ በሌላ የታፈነ ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። ከገንዳው ሥር እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ሰፊ ጎማ ይወርድና ከማጣሪያው ቤት ጋር ይገናኛል፤ ከማጣሪያው ጀርባ ፓምፑ አለ፤ ከፓምፑ ደግሞ ቀጭኑ የማፍሰሻ ጎማ ተነስቶ በማሽኑ ጀርባ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ወደ ውጭ ይሄዳል። ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ዋት ብቻ የሚፈጅ ትንሽ ሞተር ነው። ይህ አቅሙ ውኃን አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ለመግፋት እንጂ ከዚያ ለበለጠ ትግል አልተሠራም፤ በመንገዱ ላይ አንዲት ካልሲ ብትጋረጥበት ይሸነፋል። በሩ የሚቆለፈውም ማሽኑ ውስጡ ውኃ እንዳለ እስካወቀ ድረስ ወለሉን እንዳያጥለቀልቅ ስለሚከላከል ነው። ስለዚህ እጀታውን በጉልበት የሚጎትት ሰው ያልተበላሸውን መቆለፊያ ሰብሮ ሁለተኛ ወጪ ያመጣል።

ማሽን ከመፈታቱ በፊት ሊደመጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የማፍሰሻው ሰዓት ሲደርስ ከታች የሚሰማው ድምፅ ብዙ ነገር ይናገራል። ፓምፑ «እምምም» እያለ አምቆ የሚያንጎራጉር፣ ግን የውኃ መንቦጭቦጭ የማይሰማ ከሆነ፣ መብራት እየደረሰው ክንፉ ተይዟል ማለት ነው። ጭራሽ ጸጥ ካለ ወይ የፓምፑ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦው ተነቅሏል፣ አለዚያም ማሽኑ ራሱ «አፍስስ» የሚለውን ትእዛዝ አልሰጠም። በደንብ እየዞረ፣ እንዲያውም ከልክ በላይ ቀልሎት እየተንጫጫ ውኃው የማይቀንስ ከሆነ ደግሞ፣ ወይ ከእሱ በፊት ያለው ጎማ ተዘግቶ ውኃ አልደረሰውም፣ ወይ የደረሰው ውኃ ሳይሆን አረፋ ነው፣ ወይም ክንፉ ከዘንጉ ላይ ተፈልቅቋል። የጎረቤቴ ማሽን የመጀመሪያውን ዓይነት ድምፅ ነበር የሚያሰማው። ጠጋኙ የሞተ ያለው ፓምፕ ድምፁን ለሰማው ሰው በሕይወት ነበር፤ እጅና እግሩን የታሰረ ብቻ።

አዳዲሶቹ ማሽኖች በምልክት ጭምር ይናገራሉ። ውኃ አልወጣልኝም ሲል ኤልጂ «ኦኢ»፣ ሳምሰንግ «5ኢ» ወይም «5ሲ»፣ ቦሽ ደግሞ «ኢ18» የሚል ምልክት ያወጣል። እነዚህ ምልክቶች የሚነግሩን ውኃው በተመደበለት ጊዜ አለመውጣቱን ብቻ ነው። ፓምፕ ግዛ የሚል ምልክት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቀጥሎ ሶኬቱ ይነቀላል። ውኃና 220 ቮልት አንድ ላይ ባሉበት ቦታ ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ በዓይን መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ከበሮውን በጣሳ ለመጨለፍ ይጣደፋል፤ በሩ ተቆልፎ ሳለ በየት በኩል እንደሚጨልፍ ግን አላውቅም። ቀላሉ መንገድ የማፍሰሻውን ጎማ ጫፍ ከተሰካበት አውጥቶ ወለል ላይ ባለ ዝርግ ሳፋ ውስጥ ማውረድ ነው። ጫፉ ከገንዳው በታች ሲውል ውኃው ያለማንም እርዳታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ይህም ማሽኑን ከማጉደሉ ሌላ ምርመራም ነው። ውኃው በኃይል ከወረደ መንገዱ ክፍት ነውና ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ወይም ጎማው ወደተሰካበት ቦታ ይዞራል፤ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ከወረደ ደግሞ በመካከል የቆመ ነገር አለ። የጎረቤቴ ማሽን ውኃ የወረደው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። ሳፋው ሲሞላ የልጅ ልጃቸው እየተቀበለች ግቢው ላይ ትረጨው ጀመር። ድሬዳዋ ውስጥ አቧራ የሚያስተኛ ውኃ መቼም ባከነ አይባልም።

ማጣሪያው በአብዛኞቹ ማሽኖች ከፊት በታችኛው የቀኝ ጥግ ከትንሽ ክዳን ጀርባ ይገኛል። ይህን ክዳን ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ከፍተውት የማያውቁ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከሥሩ የወለል ጨርቅ አንጥፌ ማጣሪያውን ሩብ ዙር፣ ከዚያም ትንሽ ትንሽ እያልኩ ፈታሁት። በአንዴ የሚያዞረው ሰው የቀረውን ውኃ በጉልበቱ ላይ ይቀበላል። መጀመሪያ የወጣው ግራጫ ጭቃ ነበር፤ በጣት ሲፈተግ ግማሹ አሸዋ ነው፣ ግማሹ ደግሞ እንደ ቅባት የሚያሟልጭ የሳሙና እድፍ። ከጭቃው ውስጥ ጠርዟ የዛገ የፀጉር መያዣ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የአንድ ብር ሳንቲምና የማስቲካ ወረቀት ተገኙ። ይህ ሁሉ ግን ፓምፑን የሚያስቆም አልነበረም። የእጅ ባትሪ ይዤ ጎንበስ ብዬ ወደ ማጣሪያው ቤት ስመለከት፣ በስተጀርባ ያለችው የፓምፑ ክንፍ ሥር ላይ ነጭ ነገር ተጠምጥሟል። በፒንሳ ጫፍ ይዤ ስስበው መጀመሪያ አንድ ክር መጣ፣ ቀጥሎ የተገመደ ክር፣ በመጨረሻም ጣት የሚያክል ጥቅል። የነጠላ ዘርፍ ነው፤ መሐሉ ላይ ከሽርጡ ጫፍ የተመዘዘ ሰማያዊ ክር ገብቶበት፣ በውኃና በሳሙና ጠጥሮ ገመድ ሆኗል። በየእጥበቱ ጥቂት ጥቂት እየተመዘዘ የወጣው ክር ከበሮውን በቀዳዳዎቹ አልፎ፣ በሰፊው ጎማ ወርዶ፣ ማጣሪያውን ሾልኮ እዚያች ዘንግ ላይ መጠምጠሚያ አግኝቷል።

ክሩ ከወጣ በኋላ ክንፏን በጣቴ ገፋኋት። እየተንገጫገጨች ግማሽ ዙር ዞራ ትቆማለች፣ እንደገና ስትገፋ ዘልላ ታልፋለች። ስለዚህ መንገጫገጭ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም በእሱ የተነሳ ደህና ፓምፕ ሲጣል አይቻለሁ። በአብዛኞቹ የዘመኑ ፓምፖች ውስጥ ያለው ዘዋሪ ማግኔት በመሆኑ በእጅ ሲዞር በየግማሽ ዙሩ የሚይዝና የሚለቅ ይመስላል። ይህ ጤናው ነው። የሚያጠራጥረው ያለ ምንም መያዝ እንደ ልብ የሚሽከረከር ወይም ጭራሽ የማይነቃነቅ ክንፍ ነው። በቴስተር ለመለካት ለፈለገ፣ የደህና ፓምፕ ጥቅል ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኦም ባለው ክልል ውስጥ ያነባል። ቴስተሩ ምንም መስመር የለም ካለ ያን ጊዜ ሞቷል ማለት ይቻላል። ለመግዛት ሲኬድም አሮጌውን በእጅ ይዞ መሄድ ነው፤ አንዳንዱ ፓምፕ በሦስት ቡሎን ይታሰራል፣ አንዳንዱ ተጣምሞ ይገጥማል፣ የሽቦው መሰኪያም ቦታ ይለያያል። የጎረቤቴ ፓምፕ ልኩ ደህና ነበር።

ስለዚያ ግራጫ ጭቃ ጥቂት ልቆይ፣ ጉዳዩ የድሬ ጉዳይ ነውና። የከተማችን ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣና የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር ያለፈ በመሆኑ ካልሲየም የበዛበት ከባድ ውኃ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት፣ የሻወሩን ቀዳዳዎች የሚደፍነውን ነገር የማያውቅ የለም። በከባድ ውኃ ሳሙና በቀላሉ አረፋ አይሰጥም፤ አረፋ ያላየ አጣቢ ደግሞ የታጠበ አይመስለውምና ሌላ እፍኝ ይጨምራል። በዚህ ላይ የዩኒፎርሙን ኮሌታ በድፍን ሳሙና ፈትጎ ከነሳሙናው ማሽኑ ውስጥ መክተት በየቤቱ የተለመደ ነው። ድፍን ሳሙና ከካልሲየሙ ጋር ሲገናኝ በውኃ የማይሟሟ ነጭ እድፍ ይሠራል፤ እድፉ ከልብሱ ብናኝና ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ ያንን ቅባት መሰል ጭቃ ይሆናል። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀውን ኦሞ በብዛት መጨመር ደግሞ ተቃራኒውን ችግር ያመጣል። እሱ በተለይም ውኃው ጥቂት በሆነበት ከፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ ብዙ አረፋ ያነሳል፤ ፓምፕ አረፋን መግፋት ስለማይችል ማሽኑ በተመደበለት ጊዜ ሳያፈስ ይቀርና ምልክቱን ያወጣል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑን አጥፍቶ አረፋው እስኪሞት መጠበቅ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ለነጩ ቅርፊት አንዳንዶች አቼቶ ያፈሱበታል። እኔ ሲትሪክ አሲድ ጨምሮ ባዶውን በ60 ዲግሪ ማዞርን እመርጣለሁ፤ አቼቶ ከተደጋገመ ጎማዎቹን ይጎዳል።

ይኸው እድፍ የሚሠራው ሌላ ተንኮልም አለ። ማሽኑ ውኃውን በዓይኑ አያይም። ከገንዳው ሥር ወደ ላይ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ውኃው ሲጨምር በቱቦዋ ውስጥ የታፈነውን አየር ይጨምቀዋል፣ ከላይ ያለው መለኪያም የአየሩን ግፊት አንብቦ የውኃውን መጠን ይገምታል። የቱቦዋ ሥር በእድፍ ከተደፈነ መለኪያው ይሳሳታል፤ ሞልቶ ሳለ ባዶ ነው ብሎ ፓምፑን ሳያስነሳ ይቀራል፣ ወይም ባዶ ሆኖ ሳለ ሞልቷል ብሎ ያለ ማቋረጥ ያፈሳል። ፓምፑ ደህና፣ መንገዱም ክፍት ሆኖ ማሽኑ ጸጥ ካለ እኔ ወደዚህች ቱቦ ነው የምሄደው። ቱቦዋ ከመለኪያው ተነቅላ በእርጋታ ትነፋለች። ሳትነቀል የሚነፋት ሰው መለኪያውን ያበላሸዋል። ጎረቤቴ ዘንድ ይህ አላስፈለገም፤ የማጣሪያውን ማሸጊያ ጎሚኒ አጥቤ፣ ማጣሪያውን መልሼ አጥብቄ፣ የጎማውን ጫፍ እዚያው ሳፋ ውስጥ እንደያዝኩ ሶኬቱን ሰካን። ፓምፑ የቀረውን ውኃ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። በሩም ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

እትዬ «ወላሂ፣ ገንዘቤን ሊበላኝ ነበር!» አሉ ጠጋኙን አስበው። እኔ ግን ጎማውን ወደ ነበረበት ቦታ ከመመለሴ በፊት የነበረበትን ቦታ አየሁ። ከማሽኑ ጀርባ ከወለሉ እኩል የተቆረጠ የፒቪሲ ቧንቧ አለ። ጎማው ክርን እስኪደርስ ድረስ ወደ ቧንቧው ወርዶ፣ ዙሪያው በረሮ እንዳይወጣ ተብሎ በላስቲክና በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ይህ አገጣጠም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አብዛኞቻችን ወደ ፉል አውቶማቲክ የተሸጋገርነው ባለ ሁለት ገንዳውን ሴሚ አውቶማቲክ ስንጠቀም ቆይተን ነው። ሴሚ አውቶማቲኩ አሁንም ለድሬ የሚመች ማሽን ነው፤ ቧንቧ ባይኖር ከጀሪካን ይቀዳበታል፣ ባለቤቲቱ ባሻት ጊዜ ታቆመዋለች፣ በአንዱ የሳሙና ውኃ መጀመሪያ ነጩን ቀጥሎ ጥቁሩን ታጥብበታለች። የብዙዎቹ ውኃ የሚወጣው መዝጊያው ሲከፈት በራሱ ክብደት ስለሆነ ጎማቸው መሬት ላይ መተኛት አለበት፤ ከፍ ካለ አያፈስም። ፉል አውቶማቲኩ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ጎማው ከወለሉ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታጠፍ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ውኃው እየገባ ሳለ በጎማው ተስቦ ይወጣል፤ ማሽኑ ይቀዳል፣ ይፈስበታል፣ መልሶ ይቀዳል፣ ሮቶውም ልብስ ሳይታጠብበት ይደርቃል። ከሚገባው በላይ ከተሰቀለ ደግሞ ፓምፑ አይችለውም። ዙሪያው መጠቅጠቁም ጥፋት ነው፤ በጎማውና በቧንቧው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሊኖር ይገባል።

ጨርቁን አውጥቼ አንድ ባልዲ ውኃ ወደ ቧንቧው ሳፈስ፣ ጥቂት ወርዶ ቆመና ወደ ወለሉ ተመለሰ። የጉዳዩ ትልቁ ግማሽ እዚህ ነበር ማለት ነው። ክሩ ክንፉን ከማነቁ በፊትም ያ ፓምፕ ለወራት የተዘጋ ቧንቧ ሲገፋ የኖረ ይመስለኛል። ቧንቧው ወደ ግቢው ቦይ፣ ቦዩም ወደ መንገዱ ዳር ይሄዳል። ሄደን ስናየው የቦዩ አፍ ባለፈው ዝናብ በመጣ አሸዋና በፌስታል ተሞልቷል። አዲስ ፓምፕ ተገዝቶ ቢገጠም ኖሮ፣ ለጥቂት እጥበት ታግሎ እሱም «ሞቷል» በተባለ ነበር።

የዚህች ከተማ ሰው የሚሄድ ውኃን መርሳቱ ይገርመኛል። ሁለቱን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚከፍለው ደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ አሸዋው ለግንባታ ይጫናል፣ ወንዝ መሆኑ ራሱ ይዘነጋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ግን ከደጋው የወረደ ጎርፍ በሌሊት ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ በየግቢያችንና በየመንገዱ ዳር ያሉት ትንንሽ ቦዮች ግን ዛሬም የማንም አይደሉም። አሸዋ ይገባባቸዋል፣ ፌስታል ይጣልባቸዋል፣ ደረቅ ስለሆኑም ማንም አያያቸውም። ለውኃ መምጫ መስመር ቆጣሪና ባለቤት አለው፤ ለመሄጃው የለውም።

ሳቢያን ውስጥ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ቦዩን ማን ይጥረግ የሚለው ጥያቄ እንደተነሳ ግቢው በሁለት ተከፈለ። አከራዩ ቆሻሻው የተከራዮች ነው አሉ፤ ከኋላ ክፍል ያሉት ተከራዮች እኛ ማሽን የለንም አሉ፤ እትዬ ደግሞ አሸዋው ከመንገድ የመጣ ስለሆነ ማሽናቸውን እንደማይመለከተው ተከራከሩ። ሁሉም በከፊል ልክ ነበሩ። ክርክሩ ሻይ ተጠጥቶበት፣ ጫትም ተቅሞበት፣ ውሳኔ ሳያገኝ ለቀጣዩ እሑድ አደረ። የልጆቹ ዩኒፎርም በበኩሉ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ገመድ ላይ ወጣና ክርክሩ ሳያልቅ ደርቆ ተሰበሰበ። ሲጨርስ የሚጨምቅ ማሽን ድሬ ላይ ያን ያህል አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

እስከዚያው የደረስንበት መላ በርሜል ነው። ግቢው ውስጥ ውኃ ሲጠፋ የሚያገለግል ባለ 200 ሊትር በርሜል ነበራቸው። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ለማሽኑ ጎማ በሚፈቀደው ከፍታ ውስጥ ይወድቃል፤ ፓምፑ ሳይጨነቅ ከአፉ በላይ አሳልፎ ይሞላዋል። ማሽኑ ለአንድ እጥበት 50 ሊትር ገደማ የሚፈጅ እንደመሆኑ በርሜሉ አራት እጥበት ያህል ይይዛል። ውኃው ለመጸዳጃ ቤት ይደፋል፣ ግቢውም ላይ ይረጫል። ለፓፓያውና ለሎሚው እንዳይጠጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ሶዲየም እየቆየ አፈሩን ያበላሻል። በዚህ ሙቀትም ቶሎ ስለሚሸት ሳያድር ቢያልቅ ይመረጣል። እትዬ ከዚህ ሁሉ የወደዱት ውኃ በሚጠፋበት ቀን ለመጸዳጃ ቤት ጀሪካን መግዛታቸው መቅረቱን ነው። እኔ ደጋግሜ ያስጠነቀቅኳቸው የጎማው ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ባለው ውኃ ውስጥ እንዳይጠልቅ ነው። የበርሜሉ ውኃ በማሽኑ ውስጥ ካለው ከፍ ብሎ ሳለ ጫፉ ከተነከረ፣ ፓምፑ እንዳቆመ ያ ቆሻሻ ውኃ በመጣበት ጎማ ተስቦ ወደታጠበው ልብስ ይመለሳል። ስለዚህ ጫፉን ከበርሜሉ አፍ ላይ በሽቦ አስሬው መጥቻለሁ።